በእንጦጦ አፋፍ ላይ የቆመው የሸዋ ንጉሥ መታሰቢያ

የእንጦጦ ተራራ ከምዕራብ ተነሥቶ እስከ የካ ኮረብቶች ድረስ የአዲስ አበባን ሰሜን እንደ ቅጽር ከልሎ የተዘረጋ ሲሆን፣ በጀርባው የሚወርደው ዝናም በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ዓባይ፣ በፊቱ የሚወርደው ግን በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ስለሚፈስ፣ ከአፋፉ ላይ የቆመ መንገደኛ የሁለት ታላላቅ ወንዞችን ወሰን ረግጦ እንደ ቆመ ሊቈጥር ይችላል። ከዚሁ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ግድግዳቸው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ጣሪያቸውም ሣር የለበሰ ጥቂት ቤቶች ይገኛሉ። እነዚህን ቤቶች ያሠራው ሰው በኋላ ዘመን ስሙ በዓለም የተሰማ ንጉሠ ነገሥት ቢሆንም፣ ባሠራቸው ጊዜ ግን ለሌላ ንጉሠ ነገሥት የሚገብር የሸዋ ገዢ ነበረ፤ ስለዚህ በእንጦጦ የሚታየው መታሰቢያ ከዓድዋው ድል አድራጊ ይልቅ ገና ዕድሉን በመፈለግ ላይ የነበረውን የአውራጃ መስፍን የሚያሳስብ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የቀድሞ መኳንንታችን ስማቸው ከልጅ ልጅ እንዲሻገር ሲሹ ቤተ ክርስቲያን ይተክሉ ነበር እንጂ በተራራ ራስ ላይ የድንጋይ ምስል አያቆሙም ነበር። ታቦት አስገብተው፣ ለካህናቱ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ሰጥተው፣ መጽሐፍ አስጽፈውና ንዋየ ቅድሳት አሟልተው ካለፉ፣ በየዓመቱ ተዝካራቸው ሲወጣ፣ በጸሎትም ስማቸው ሲነሣ ይኖራል። የአክሱም ሰዎች ለሙታናቸው እጅግ ረዣዥም ሐውልቶችን ማቆማቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክርስትና በአገሩ ከጸና በኋላ ያ ጥበብ እየተተወ ሄዶ የጠራቢዎቹ እጅ ወደ አለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ማነጽ ዞረ።

የዚህን ምስክር ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በየካ ተራራ ላይ፣ በጫካው መካከል፣ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይገኛልና። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል፤ የሕንጻ ታሪክ መርማሪዎች ግን የአፈላፈሉን ስልት ተመልክተው ወደ መካከለኛው ዘመን ዝቅ ያደርጉታል። ጣሪያው በከፊል ወድቆአል፤ ክረምት በገባ ቍጥር ውኃ ይተኛበታል። ያስፈለፈለው ንጉሥ ይሁን መስፍን፣ ወይስ መነኵሴ፣ ስሙን የሚናገር ጽሕፈት በግድግዳው ላይ አይነበብም። ይህን ያህል ድካም የፈሰሰበት ሥራ ባለቤቱን ማስታወስ ካልቻለ፣ የድንጋይ ጽናት ብቻውን ለስም ዋስትና እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል፤ ስምን የሚያቈየው በየዕለቱ የሚያነሣው አፍ ነው፣ ያም አፍ በአብዛኛው የደብተራና የቄስ አፍ ነበረ።

በእንጦጦ ጫፍም የጥንት ከተማ የነበረ መሆኑን የሚያሳዩ የግንብ ፍርስራሾች አሉ፤ ሽማግሎችም ቦታው የዐፄ ዳዊት መናገሻ ነበረ እያሉ ለልጆቻቸው ያወርሱ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ የተመለከተችውን በራራ የተባለች የነገሥታት ከተማ በዚሁ አካባቢ የሚፈልጉ ሊቃውንትም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና መናገሻዎች ከጠፉ በኋላ ተራራው ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥት ወሬ ተለይቶ ኖረ፤ ነገር ግን ትዝታው በአፍ ሲተላለፍ ቈይቶ አንድ ወራሽ አገኘ።

ያ ወራሽ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለደው፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ነው። አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞተ ጊዜ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቆ ወደ መቅደላ ተወሰደ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ወደ አባቶቹ ርስት ተመለሰ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ገብሮ የሸዋ ንጉሥነቱ ከጸናለት በኋላ፣ መቀመጫውን ከአንኮበር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየገፋ መጥቶ በ1873ና በ1874 ዓ.ም. ገደማ በእንጦጦ ከተመ። የአባቶች መናገሻ የነበረውን ምድር ማደስ ለክብሩ እንደሚበጅ አስቦ እንደ ሆነ አያጠራጥርም፤ ትውፊቱን ጸሐፊዎቹም በደስታ የተቀበሉት ነበረ። እኔ ግን ከትውፊቱ ይልቅ የመሬቱ አቀማመጥ ይበልጥ የሳበው ይመስለኛል፦ ወደ ላይ ለመውጣት የሚደፍር ጠላት ትንፋሹ ተቈርጦ ይደርሳልና፤ ከአፋፉም ሆኖ የሚመለከት ሰው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቡናው፣ ወደ ዝሆን ጥርሱና ወደ ወርቁ አገር የሚወስደውን መንገድ ሁሉ በዓይኑ ይከተላልና። በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተዋግቶ ድል ካደረገ በኋላ ያ መንገድ ለሸዋ ተከፈተ፤ በእንጦጦ አዳራሽ ግብር ሲበላ የነበረው ጭፍራም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በየአቅጣጫው ሲዘምትና ሲመለስ ኖረ።

አዳራሹ እንግዲህ ዛሬ የሚታየው ነው። የአውሮፓን ቤተ መንግሥት በልቡ ሥሎ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ትንሽ ማዘኑ አይቀርም፤ ሰፊ ደረጃና ከፍ ያለ ሰገነት የለም፣ በእምነ በረድ የተነጠፈም ወለል አይገኝም። ከጥድና ከወይራ የተቈረጠ ምሰሶና ወጋግራ፣ ጭቃና ጭድ የተመረገበት ወፍራም ግድግዳ፣ ብርድን ለመከላከል የጠበበ መስኮት፣ ክፈፉ ዝቅ ብሎ የወረደ የሣር ክዳን፤ ይህ ሁሉ የሸዋ ባላገር በአነስተኛ መጠን ለራሱ የሚሠራው ቤት ነው። ልዩነቱ የንጉሡ ቤት መብዛቱና መስፋቱ፣ እልፍኙ ከአዳራሹ፣ ጓዳው ከግምጃ ቤቱ ተለይቶ በአጥር ላይ አጥር የተደረበበት መሆኑ ነው። በግብር ቀን መሳፍንቱና መኳንንቱ በየማዕርጋቸው ከፊት ሲቀመጡ፣ ጭፍራው በተራው እየገባ በጉዝጓዙ ላይ ሰፍሮ ጥሬ ሥጋውን በጠጅ ያወራርድ ነበረ። የዘመኑ መንግሥት በማኅተምና በወረቀት ከሚሠራው ሥራ የበለጠውን በዚህ ማዕድ ዙሪያ ይፈጽም ስለ ነበረ፣ አዳራሹን እንደ መብል ቤት ብቻ የሚመለከተው ጐብኚ ዋናውን ነገር ሳያይ ይመለሳል፤ ሹመትና ሽረት የሚታወቀው ማን ከማን በላይ ተቀመጠ በሚለው ነበረና።

ነገር ግን በመታሰቢያው ሁሉ መካከል ታላቁ፣ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከአጠገቡ በ1870ዎቹ የተተከለችው፣ ስምንት ማዕዘን ሆና የታነጸችው የእንጦጦ ማርያም ናት። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ የንጉሠ ነገሥትነቱ ጉዳይ ለሸዋው ንጉሥ ባደላ ጊዜ፣ ሥርዓተ ንግሡ የት ይፈጸም የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ በአክሱም ጽዮን መንገሥ የነገሥታት ወግ ሆኖ ሳለ፣ ትግራይ በዚያን ጊዜ ለሸዋ ሰው ጸጥ ያለ መንገድ አልነበረችምና። ስለዚህ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ምኒልክን በዚህችው በእንጦጦ ማርያም ቀብተው ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ አሰኟቸው፤ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27፣ ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል የእቴጌነትን ዘውድ ተቀበሉ። በአውራጃ ገዢነት ወደ ተራራው የወጣው ሰው ከተራራው ሲወርድ አንቱ የሚባል ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ወረደ፤ እኔም ከዚህ በኋላ የማዕርጋቸውን ቃል ላጓድልባቸው አይገባም።

ይህ በሆነ ጊዜ ግን ተራራው ገና ሳይለቀቅ ተትቶ ነበር ለማለት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ ለጤና በሚፈለገው በፍልውኃ አጠገብ፣ በኅዳር 1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙት ወዲህ መኳንንቱ አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። የእንጦጦ ብርድ አጥንት የሚሰብር ነው፤ ነፋሱና መብረቁ አያሳርፍም፤ እህሉም፣ ጠጁም፣ ሰንጋውም ያንን ዳገት በአህያና በሰው ጫንቃ መውጣት ነበረበት። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ግን የማገዶ ነገር ነበረ፤ በዓመት በዓመት የሚቈረጠውን ዛፍ የሚተካ ስላልነበረ፣ ጥዱ ከአፋፉ እየራቀ ሄዶ እንጨት የሚያመጣው ሰው ጉዞው ይረዝም ነበርና። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ፈጽሞ ወረደ፤ በታችኛው ሜዳም እያንዳንዱ ራስና ፊታውራሪ ከነጭፍራው በተሰጠው ኮረብታ ላይ ሰፈረ። የራስ ተሰማ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራው የዚያው ሥርዓት ትራፊ ነው፤ የከተማው ሰው ሳያስበው በየቀኑ የመኳንንቱን ስም ሲያነሣ ይውላል። በዓድዋ ድል ማግሥት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች ሲመጡም ለእነርሱ የተሰጠው ቦታ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ስለ ሆነ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ ወርዶ መጣ።

ተራራው በተለቀቀ ጊዜ የተራቈተ ነበር። ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከግራና ከቀኝ የሚያጅበውን የባሕር ዛፍ ጫካ ሲያይ፣ ንጉሡ በዚያ ጥላ ሥር ሲመላለሱ የነበረ ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ንጉሡ በእንጦጦ በከተሙበት ዘመን ከዚህ ዛፍ አንድም አልነበረም። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተ መንግሥቱ ከወረደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አዲስ አበባም በተራዋ ማገዶ አጥታ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤት እስከ ማሠራት ደርሰው ሳለ፣ ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ደርሶ ከተማዪቱን ከመፈታት እንዳዳናት ብዙዎች ጽፈዋል። ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም ተብሎ መታማቱ አሁንም አልቀረለትም፤ ይሁን እንጂ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካው ወጥተው ጭራሮና ቅጠል ሰብስበው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ያንን ቍልቍለት የሚወርዱት እናቶች የትውልድ ትውልድ እንጀራቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። ስለ እንጦጦ መታሰቢያ የሚጽፍ ሰው እነርሱን ሳያነሣ ቢያልፍ የቤተ መንግሥቱን ማገዶ ያመጡትንም አያቶቻቸውን አብሮ እንደ ረሳ ይቈጠርበታል።

አሁን ወደ ታሪኩ ጥልቅ ክፍል ደረስን። ዐፄ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ከአልጋ በዋሉበት ዘመን የመንግሥቱን ሥራ በብዙ ያካሄዱት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ይህ ግን የሸዋን መኳንንት እያስቈጣ ሄዶ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ነገር እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ እንደ ወጉ የሚለቀስበት፣ ነጋሪት የሚጐሰምበት፣ ፍትሐት በአደባባይ የሚደረግበት ቀን ለዚያ ታላቅ ንጉሥ ተነፈገ። እቴጌይቱም ከግቢ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ተደረገ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ባላቸው ያሠሩት፣ እርሳቸውም ከሁሉ አስቀድመው ትተውት የወረዱት ያ የሣር ቤት አሁን መኖሪያቸው ሆነ፤ ዘውድ የደፉባት ማርያምም በደጃቸው ነበረች። ከዚያም ሆነው የልጅ ኢያሱን መነሣትና መውደቅ፣ የእንጀራ ልጃቸው የዘውዲቱን መንገሥ ሰሙ። ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎንደር ለመሄድ ለምነው ነበረ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በደፉ ልክ በዓመቱ፣ ዕረፍታቸው ሆነ።

ለእኔ እንጦጦን መታሰቢያ ያደረጉት ከንጉሡ ስድስት ሰባት ዓመት የከተማ ሥራ ይልቅ እነዚህ የእቴጌይቱ አራት ዓመታት ናቸው። የንጉሡ ሥራ እዚያ ጀመረ እንጂ እዚያ አልቀረም፤ ግቢው ወረደ፣ ገበያው ወረደ፣ ጭፍራው ወረደ። በተራራው ላይ ተመልሶ የኖረ፣ ያለፈውን እያሰበ ያረጀ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው። ይህን ስል እቴጌ ጣይቱ በሥልጣን ላይ ሳሉ ለወገን ያደላሉ፣ ሹመቱን ሁሉ ለየጁና ለጎንደር ዘመዶቻቸው ያደርጋሉ የሚለውን የሸዋ መኳንንት ክስ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ለወገኑ የማያደላ ባለሥልጣን ግን የትኛው እንደ ነበረ ከሳሾቹን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ለዐፄ ምኒልክ በታችኛው ከተማ የቆሙላቸው ሁለት መታሰቢያዎች ዕድላቸው ከዚህ ይለያል። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። አባቶቻችን የማያውቁት ዓይነት መታሰቢያ፣ የውጭ አገር እንግዶች በሚበዙበት ሰሞን መቆሙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ጠላት አዲስ አበባ ገብቶ ሐውልቱን ከቦታው አንሥቶ ሰወረው፤ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው። ጠላት የንጉሡን መታሰቢያ ለማጥፋት ሲያስብ ወደ ነሐሱ ፈረስ መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በአደባባይ የቆመ ነገር በአደባባይ ሊነሣ ይችላልና። በተራራው ላይ ያለው የጭቃ አዳራሽ ግን ለማንም ዓይን የሚያስቈጣ መስሎ አልታየም። ሁለተኛው መታሰቢያ ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ያሠሩት የታዕካ ነገሥት በዓታ ነው፤ በዚያ ምኒልክና ጣይቱ፣ በኋላም ራሳቸው ዘውዲቱ፣ በአንድነት ዐርፈዋል፤ ለሸዋው ንጉሥ ዘውድ የደፉላቸው አቡነ ማቴዎስም ከዚያው ናቸው።

በእንጦጦ ማርያም ግቢ ዛሬ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ የነገሥታቱ አልባሳት፣ ነጋሪቶችና ለቤተ ክርስቲያኒቱ የተሰጡ ንዋያት በዚያ ይታያሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተራራው ላይ ሰፊ መናፈሻ ተከፍቶ የጐብኚው ቍጥር በዝቶአል፤ ስለ እርሱ ሌላ ቦታ ብዙ ስለ ተባለ እዚህ አልደግመውም። በእሑድና በበዓል ቀን ከሚወጣው ሕዝብ ብዙው የሚሄደው ለጸበሉ ነው፤ በሽተኛውን በቃሬዛ፣ በክንድ፣ በጀርባ ተሸክሞ ይወጣል፣ ከአዳራሹ አጠገብ ሲያልፍም ዞር ብሎ አያይም። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም፤ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲተክሉ የፈለጉት ሕዝብ እንዲሰበሰብባት ከሆነ ፈቃዳቸው ተፈጽሞአል። የምነቅፈው ሌላውን ነው፦ ጐብኚው በመስታወት ውስጥ ያለውን የወርቅ ጥልፍ አይቶ፣ በአዳራሹ በር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲመለስ፣ እቴጌ ጣይቱ ዘመናቸውን የፈጸሙት በዚህ ስፍራ እንደ ሆነ ሳይሰማ ይወርዳል። የንጉሡን የግብር ብዛት የሚተርክ አስጐብኚ፣ ያ አዳራሽ ባዶውን በቀረ ጊዜ በአጠገቡ ስለ ኖሩት መበለትም ሁለት ቃል ቢጨምር፣ በእቴጌይቱም ማረፊያ ደጃፍ ከ1906 እስከ 1910 ዓ.ም. የሚል አንድ ሰሌዳ ቢሰቀል፣ ለሙዚየሙ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይሆንም ነበር።